የእትዬ ውኃ ሾርባ ልጅ

ቤሲ ኬይ ሆራስ ፒምብሌት በሚባል ሰው ላይ ቂም ከያዘች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቂሙን የያዘችው በሆዷ ብቻ አይደለም፤ በአልጋዋም ሥር ነው። ሦስት መቶ አርባ አንድ የሥዕል ጋዜጣ በገመድ ታስሮ፣ በአሮጌ መጋረጃ ተጠቅልሎ፣ እዚያው ተቀምጧል። ባሏ ዊልፍ ጫማው በጠፋው ቁጥር ጥቅሉን ጎትቶ ያወጣና መልሶ ይገፋዋል።

«ይሄ ሰውዬ ከእኛ ጋር ማደሩን የሚተወው መቼ ነው?» ይላል።

«ይቅርታ ሲጠይቅ» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒምብሌት በዚያን ዘመን ስሙ የገነነ ቀልደኛ ነበር። አናቱ ላይ የማትበቃውን ትንሽ ቆብ ቁጢጥ አድርጎ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ሰው ይስቃል። ከዚያ ፊልም ሠራ። ፊልም የሠራ ቀልደኛ ደግሞ በሥዕል ጋዜጣ መውጣቱ አይቀርም። «የሳቅ ሐሙስ» የሚባለው ጋዜጣ የፊልም ሰዎችን እየሣለ በየሳምንቱ አዲስ ጣጣ ውስጥ ይከታቸው ነበር፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ልጅ አዋቂው ይሻማበታል።

ፊልም ከመሥራቱ በፊት ግን ፒምብሌት ክራግበርን መጥቶ በግራንድ ቲያትር አንድ ሳምንት ሠርቷል። ያን ሳምንት ያደረው የቤሲ እናት አዳ ሾሮክ ዘንድ ነው። አዳ ለቲያትር ሰዎች ክፍል ከነምግቡ የምታከራይ ሴት ነበረች። ሰውዬው በላ፣ ተኛ፣ እሑድ በባቡር ሄደ። ከስድስት ወር በኋላ የእሱ ሥዕል በ«የሳቅ ሐሙስ» ሲጀመር፣ እትዬ ውኃ ሾርባ የምትባል ስስታም አከራይ አብራ ብቅ አለች። መነጽሯ በሲባጎ የታሰረ ነው። መስኮቷ ላይ አንድ ጆሮ የሌለው የሸክላ ውሻ ተቀምጧል። በክራግበርን ከተማ መነጽሯን በሲባጎ የምታስር ሴት አንዲት ነበረች፤ አንድ ጆሮ የሌለው ውሻም ያው የእሷ ብቻ።

ስድስት ዓመት ተኩል ወጣ። አንዱ ሳምንት ሾርባው ላይ አንዲት አተር ብቻዋን ስትዋኝ፣ ሌላው ሳምንት የጫማ ሶል እንደ ሥጋ ሲጠበስ፣ ደግሞ በሌላው ብርድ ልብሱ ከመሳሳቱ የተነሣ ፒምብሌት ከሥሩ ሆኖ ጋዜጣ ሲያነብበት። የመጨረሻዋ ሥዕል ግን ሁልጊዜ አንድ ናት። ፒምብሌት በትልቅ ሆቴል ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ የተፈጨ ድንች እንደ ተራራ ተከምሯል፤ በተራራው ላይ ቋሊማ እንደ ጃርት እሾህ ተሰክቷል። እትዬ ውኃ ሾርባ ደግሞ ውጭ ቆማ፣ አፍንጫዋን በመስተዋቱ ላይ ጨፍልቃ፣ ምራቋን ትውጣለች።

አዳ የመጀመሪያውን ሐሙስ ጋዜጣውን አየች። ውሻውን ከመስኮቱ አንሥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ሾርባ አልሠራችም። «ሰው አይወደውም» ነበር መልሷ።

ቤሲ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ብዙም ሳያስተምራት ለቅቃ የሽመና ፋብሪካ ገብታለች። ሴቶቹ በማሽኑ ጩኸት መሐል «ቤሲ! ዛሬ ስንት አተር ደረሰሽ?» ይሏታል። ማንበብም በወጉ የቻለችው ያን ጊዜ ነው፤ በየሐሙሱ በጣቷ እየተከተለች፣ እናቷን ምን እንደሰደቡ ፊደል በፊደል ስትለቅም። ጦርነት መጥቶ ወረቀት ሲጠፋ «የሳቅ ሐሙስ» ተዘጋ። ከተማው ሁሉ ሲያዝን እሷ ብቻዋን ፀጉሯን ተሠርታ ወጣች። መንግሥት ለጦርነቱ አሮጌ ወረቀት አምጡ ብሎ በየቤቱ ሲዞርም አንዲት ቅጠል አልሰጠችም። «ይሄ ወረቀት አይደለም፤ ማስረጃ ነው» ብላ መለሰቻቸው።

እናቷ ስትሞት ቤቱንም ሥራውንም ወረሰች። ሾርባ ግን እሷም አትሠራም።

እንግዲህ በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ጎረቤቷ ፍሎሪ ዳክዎርዝ ቢጎዲን በራሷ ላይ እንደጠቀለለች በጓሮ በር እየሮጠች ገባች።

«ቤሲ! ተቀመጪ! ቲያትር ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ የሶፋ መሸጫ ሊሆን ነው።»

«ለዚህ ነው ተቀመጪ የምትይኝ?»

«የመጨረሻውን ሳምንት ማን እንደሚሠራ ገምቺ።»

ቤሲ የፍሎሪን ዓይን አየችና ተቀመጠች።

የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ራሱ መጣ። ሌላው አከራይ ሁሉ ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህ በሩን ዘግቷል፤ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ሽማግሌውን ፒምብሌትን ተቀበዪልን አላት።

«በደስታ» አለች ቤሲ።

ዊልፍ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ገብቶ ይህን ሲሰማ ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ ቆመ። «ልትገድዪው ነው?»

«ላበላው ነው።»

እሑድ ማታ ፒምብሌት ሻንጣውን እየጎተተ መጣ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከሲታ፣ ጆሮው ከፊቱ የሚቀድም ሰው። ቤቱን አላወቀውም። በሩ አረንጓዴ የነበረው ሰማያዊ ሆኗል፣ ውሻውም መስኮቱ ላይ የለም። የቲያትር ሰው አከራዩን ሁሉ እማዬ ነው የሚለው፤ እሱም ልጁ የምትሆነውን ቤሲን ከበሩ ጀምሮ «እማዬ፣ እንዴት ያለ ደስ የሚል ቤት ነው!» አላት።

ቤሲ ዕቅዷን በደንብ አስባበታለች። ጋዜጣው ላይ እናቷ አደረገች የተባለውን ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ታደርግበታለች። ገብቶት ፊቱ ሲቀላ ማየት ነው የምትፈልገው።

ሰኞ ሙቅ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን አቀረበችለት። መሐሉ ላይ አንድ አተር። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

ፒምብሌት ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ በራ። «አተር አለው እኮ! ባለፈው ሳምንት የነበርኩበት ቤት ስለ አተር ወሬ ነበር የምንሰማው።» እስከ ጭላጩ ጠጣውና አተሯን ለመጨረሻ አስቀምጦ በላት።

ማክሰኞ የበሬ ደረት ከጠዋት እስከ ማታ ምድጃ ላይ አድርቃ እንደ ቁርበት አቀረበችው። ሰውዬው አኘከ፣ አኘከ። ሰው ሠራሹ ጥርሱ ወጥቶ ሥጋው ላይ ቀረ። አንሥቶ መልሶ ገጠመውና «የጥርስ ሐኪሜ ድድህን አሠራው ብሎኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማዬ» አላት።

ማክሰኞ ማታውኑ ብርድ ልብሱን ወስዳ ያረጀ የጠረጴዛ ልብስ ሰጠችው። ረቡዕ ጠዋት እያፏጨ ወረደ። ባለፈው ከተማ የተኛበት አልጋ ላይ ድመት ወልዳ ስለነበር እንዲህ የተመቸው ሌሊት የለም።

ዊልፍ ከሻይ ሲኒው በላይ ሚስቱን አያት። «እየተቀጣሽ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ቤሲ ትዕግሥቷ አለቀ። ወደ ላይ ወጣች፣ ከአልጋው ሥር ጥቅሉን ጎትታ አወረደች፣ በፒምብሌት ቁርስ ላይ ጣለችው። እንቁላሉ ፈሰሰ።

«ያንብቡ!»

ሰውዬው መነጽሩን አወጣ። አንድ ገለጠ፣ ሁለት ገለጠ። «ይሄ ባለ ቆብ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት!»

«ጆሮዬ እንዲህ ነው?»

«ነው» አለ ዊልፍ።

«አንብቤው አላውቅም እኮ» አለ ፒምብሌት። «አንድ ሰው ላኩብኝ። ፎቶ ወሰደ፣ አስፈረመኝ፣ አበቃ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ልጆች ‹ሙጫው ውስጥ ስትገባ አየንህ› ይሉኛል፤ እኔ ሙጫ ውስጥ ገብቼ አላውቅም! የሚጽፈውም የሚሥለውም ለንደን ቢሮ የተቀመጠ ሌላ ሰው ነው።» ደግሞ አንድ ገለጠና አተሯ ስትዋኝ አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ የውሻውን ሥዕል አየ። ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ቤሲን፣ ከዚያ መስኮቱን አየ።

ቤሲ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ውሻውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገችው። አንድ ጆሮ የለውም።

«አይይ» አለ ፒምብሌት ቀስ ብሎ። «ያ ሰውዬ ‹ከኑሮህ የሚያስቅ ነገር ንገረኝ› ብሎኝ ነበር። ሾርባዋ ስስ የሆነ፣ መነጽሯን በሲባጎ የምታስር፣ እንዲህ ያለ ውሻ ያላት ሴትዮ ብዬ ነገርኩት። አንድ ጊዜ ነው የተናገርኩት። በአንድ ቀልድ ስድስት ዓመት...»

«ያን ሳምንት ሾርባው ለምን ሳሳ?» አለች ቤሲ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ፋብሪካው ተዘግቶ ነበር። አባቴም እኔም ሥራ የለንም። ስድስት ሰው ነበርን። ያን እሑድ ከመሄድዎ በፊት ምን በሉ?»

ፒምብሌት ዓይኑን ጨፈነ። «ጎድን» አለ። «የበግ ጎድን። ስብ ነበረው።»

«በቤቱ የነበረው ሥጋ እሱ ብቻ ነው። እንግዳ አጥንት ሳይግጥ ከቤቴ አይወጣም ብላ ለእርስዎ ሰጠች። እኛ ወጥ ቤት ተቀምጠን ሽታውን በላን። እርስዎ ግን ሄደው ሾርባውን ተናገሩ፤ ጎድኑንስ?»

ሽማግሌው ፊቱ ቀላ። ቤሲ ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቅላት ነበር፤ እንዳሰበችው ግን አላስደሰታትም።

«ነገ መድረክ ላይ እናገራለሁ» አለ። «በከተማው ሁሉ ፊት። እውነቱን።»

ሐሙስ ቤሲ የሠርግ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ በዊልፍና በፍሎሪ መሐል፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ቲያትር ቤቱ እንደ ድሮው ሞልቷል። ፒምብሌት ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ። በመጨረሻ ትንሿን ቆብ አወለቀና ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ።

«ወገኖቼ፣ በዚህ ከተማ አዳ ሾሮክ የምትባል ሴት ነበረች።»

አንድ ሰው ከላይ ሳቀ።

«ደግ ሴት ነበረች።»

ሌሎችም ሳቁ።

«ሾርባዋ ስስ ነበር። ግን የልጆቿን ሥጋ አበላችኝ።»

ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። ሰው ወንበሩን እየደበደበ ይስቃል። ፒምብሌት እጁን አነሣ፤ እጁን ሲያነሣ ቆቡ ወደቀ፤ የባሰ ሳቁ። «የምሬን ነው!» ብሎ ጮኸ። ያን ሳምንት እንደዚያች ቃል ያሳቀ የለም።

ፍሎሪ ዓይኗን እየጠራረገች የቤሲን ክንድ ያዘች። «ውይ ሆዴን! እናትሽ ብታይ ምን ትል ነበር?»

ቤሲ ተነሥታ ወጣች።

በማግሥቱ ሥጋ ቤት ስትገባ ባለሥጋው ቢላውን አስቀምጦ «እንዴት ነው ቤሲ፣ ዛሬ የልጆችሽን ሥጋ ነው ወይስ የእኔን?» አላት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እናቷ ድሮ እትዬ ውኃ ሾርባ ብቻ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ልጆቿን አርዳ የምታበላ ሆነች።

ቤት ስትመለስ ፒምብሌት ወጥ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ቆቡ ጉልበቱ ላይ። «አየሽ እማዬ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲስቁልኝ ለመንኳቸው» አለ። «አሁን አቁሙ ብላቸው አይሰሙኝም። እናቴ የሞተች ቀን ዛሬ መሥራት አልችልም፣ ይቅርታ ብዬ መድረክ ላይ ብወጣ፣ ሁለት ጊዜ ድገመው ብለው አስደገሙኝ።»

ቤሲ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ አሰበች። ይህ ሰው አፉን ከከፈተ ሳቅ ነው፤ ሌላ ነገር ከአፉ አይወጣም። እናቷን ደግሞ ወሬ አልነበረም ያዋረዳት፤ ሥዕል ነው። የጋዜጣውን ጥቅል አየች። ከላይ ያለው ገጽ የመጨረሻዋን ሥዕል ይዞ ነበር፤ የድንቹ ተራራ፣ ቋሊማው፣ መስተዋቱ፣ አፍንጫው።

«ሚስተር ፒምብሌት፣ ነገ ቀን ላይ ምን አለብዎት?»

«እስከ ማታው ሥራ ምንም።»

«እንግዲያው የምልዎትን ያደርጋሉ። አንዲት ቃል አይተነፍሱም። አንዲት!»

ሽማግሌው ከዚያው ጀምሮ አፉን በእጁ ከደነ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ በቤሲ መስኮት ሥር ከተማው ሁሉ ያልፋል። ከጠዋት ጀምሮ ዊልፍ በልብስ ማጠቢያ በርሜል ውስጥ ግማሽ ጆንያ ድንች በዱላ ሲወቅጥ ቆየ። «ሰው ቅዳሜ ዕረፍቱን በሻይ ያሳልፋል» ይላል፣ «እኔ እዚህ...»

«ወተት ጨምርበት፤ አፍህን ተው።»

ቤሲ ሥጋ ቤት ሄዳ ሠላሳ ቋሊማና አንድ የበግ ጎድን ገዛች። ባለሥጋው ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን አየና መልሶ ዘጋው። «እኩለ ቀን ላይ በመስኮቴ በኩል እለፍ» አለችው። «ላየህ ለሰማህ ሁሉ ንገር።»

እኩለ ቀን ሲሆን ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፤ መጋረጃውን እስከ ጥግ ገለጠች። ውሻውን መስኮቱ ላይ መለሰችው፤ የተሰበረውን ጆሮ ወደ መንገዱ። የድንቹን ተራራ በትልቁ ሰሃን ላይ ከመረች፤ ቋሊማውን ዙሪያውን ሰካች። በጠረጴዛው ራስ፣ እናቷ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ፣ ትራስ ደራርባ የእናቷን ፎቶ አስቀመጠች፤ መነጽሩ በሲባጎ የታሰረበትን። ራሷ ከጎኗ ተቀመጠች። ከዚያ ለዊልፍ በራሷ ምልክት ሰጠችው። ዊልፍ በሩን ከፈተና ፒምብሌትን ወደ ውጭ አስወጣው፤ መልሶም ዘጋው።

ሽማግሌው ትንሿን ቆብ አድርጎ መስኮቱ ፊት ቆመ። ድንቹን አየ። ፎቶውን አየ። አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ ጨፈለቀ። ምራቁን ዋጠ፤ ሲውጥ ጉሮሮው እስከ አገጩ ወጥቶ ሲወርድ ከመንገዱ ማዶ ይታያል። ትንፋሹ መስተዋቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌው ጠርጎ ደግሞ አየ።

አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ ቆመች። ሁለት ሆኑ። አሥር ሆኑ። ሳቁ ተጀመረ፤ አሁን ግን የሚሳቀው ውጭ በቆመው ነው። ፍሎሪ ቢጎዲኗን እንዳደረገች ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት መጣች፤ ሥዕሉ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ተገለበጠ!» ብላ ጮኸች። «የመጨረሻዋ ሥዕል እኮ ናት! አዳ ውስጥ ናት፣ እሱ ውጭ! አዳ ናት የምትበላው!»

«በለው!» አለ ባለሥጋው። «ቋሊማው የእኔ ነው!»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ገባቸው። ከመሐላቸው አንዱ ቆቡን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም አያውቅም። በፋብሪካው ከቤሲ ጋር የሠራች ሴት አፏን ይዛ ወደ መሬት አየች። የከተማው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ የቲያትር ቤቱን መዘጋት ሊያነሣ መጥቶ ነበር፤ እየሮጠ ደረሰና ከሳጥን ላይ ወጥቶ አንሥቶ ጨረሰ።

ቤሲ ማንንም አላየችም። አንድ ቋሊማ ከተራራው ነቀለች፣ ቀስ ብላ በቢላ ቆረጠች፣ ቀስ ብላ በላች። ከዚያ ሁለተኛ።

ዝናብ ጀመረ። የፒምብሌት ቆብ ጆሮውን እንኳ አይከልልም፤ ውኃው በአንገቱ ይገባል። ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ አንዲት ቃልም አልተነፈሰም።

«ቤሲ፣ ይብቃው» አለ ዊልፍ። «ሰባ ዓመቱ ነው።»

«እሷ ስድስት ዓመት ተኩል ነው የቆመችው» አለችና ሦስተኛውን ነቀለች። ስትጨርስ አፏን ጠረገች። ምድጃው ላይ ሲጠበስ የቆየውን ጎድን ሳህን ላይ አወጣች፤ ስቡ ገና ይንጨረጨራል። መስኮቱን ሳህን በሚያሳልፍ ያህል ብቻ ከፈተች።

ፒምብሌት ጎድኑን አየ። ቆቡን አወለቀ። መንገዱ ላይ የሚስቅ ሰው አልነበረም። በሁለት እጁ ተቀበላት።

«እዚያው ቆመው ይብሉ» አለች ቤሲ። «ሲጨርሱ አጥንቱን ይመልሱልኝ፤ ለሾርባ ነው።»